ያልዋጥኩት ሽሮፕ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ልጇን ይዛ ክሊኒክ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ ከደረጃ ወድቆ አገጩ ስለተሰነጠቀ ሊሰፋለት ነው። ነርሷ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቀይ ሽሮፕ ይዛ መጣችና፣ ከመሰፋቱ በፊት የሚያረጋጋው ነው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ሲነቃም የሆነውን አያስታውሰውም አለችን። ልጁ በምላሱ ቀመስ አደረገና ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። እናቱ ሳቀች። እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬ እንደደረሰ መቀመጥ አቃተኝ። እንጆሪ ነኝ የሚል፣ ሥሩ ግን መራራ የሆነ ሽታ ነው። "መጣሁ" ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና መስኮቱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለሰው ልጅ ሽሮፕ! የሚያየኝ ሰው የልጁ ሁኔታ የከፋ ሊመስለው ይችላል ብዬ ቶሎ ፊቴን ጠራረግኩ።

ለኔም ሰባት ዓመቴ ላይ እንዲህ ያለ ኩባያ ቀርቦልኝ ነበር።

ያን ዓመት የምኖረው ከአባቴ ታላቅ እህት ጋር ነበር። እቴቴ ነበር የምላት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ፣ ከገርጂ ወደ ሳሊተ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት ትሸጣለች። መኖሪያችን ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ያኔ ሰፈራችን የከተማው ጫፍ ነበር፤ ከኛ አጥር በኋላ የሽምብራ ማሳ ነው፣ ከማሳው በኋላ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ በኋላ እኔ የማላውቀው አገር። ልጆች ነበሩ፤ ግን ሁሉም ወንድምና እህት ያላቸው፣ ማታ ሲሆን እናታቸው ከበር ላይ በስም የምትጠራቸው ነበሩ። እኔን የሚጠራኝ አልነበረም። እቴቴ ክፉ ሆና አይደለም። ጠባይዋ ነው፤ ቃሏን ለደንበኛ ትቆጥብ ነበር መሰለኝ፣ ቤት ስንገባ ሁለታችንም ዝም ነው።

አባቴ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ሲነሳ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ ተመልሶ ይሄዳል። እናቴ ደግሞ ጅዳ ነበረች። ስትሄድ አምስት ዓመት ተኩል ነበርኩ። የሰው ቤት ሠርታ ትመለሳለች ተባልኩ፤ "የሰው ቤት" ስባል እኛስ ሰው አይደለንም ወይ ብዬ አባቴን ጠይቄው ነበር።

እናቴ ደብዳቤ አትጽፍም፤ መጻፍ አትችልም። የምትልከው ካሴት ነው። ከጅዳ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ድምጿን ቀድታ ትሰጠዋለች፣ እቴቴም የሱቁን ቴፕ ወደ ጓዳ አምጥታ ታሰማኛለች። እዚህ ላይ አትሳቁብኝ፤ እኔ እናቴ በቴፑ ውስጥ የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ምክንያትም ነበረኝ። "መዲናዬ፣ እንዴት ነሽ?" ትልና ትንሽ ዝም ትላለች። እኔ "ደህና ነኝ" እላለሁ። ከዚያ እሷ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ታዲያ ካልሰማችኝ እንዴት ታመሰግናለች? አንዴ ቅንድቤ ላይ ያለችው እብጠት አድጋለች አልኳት፤ "እቴቴሽን እንዳታስቸግሪ" ብላ መለሰችልኝ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ስለ እብጠቷ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ነበር።

በዚያው ካሴት መጨረሻ ላይ፣ ለኢድ እመጣለሁ ኢንሻአላህ አለች። እኔ ያዝኩት። ትልልቅ ሰዎች ይህን ቃል ምን ያህል ላላ አድርገው እንደሚሰሙት ያኔ አላውቅም ነበር። ለኔ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው፤ እናቴ ለኢድ ትመጣለች። አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሲወርዱ በኛ ጣሪያ ላይ ነበር የሚያልፉት። ጎማቸውን ሲዘረጉ ሁሉ ይታየኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱም ሳያመልጠኝ እየወጣሁ አይ ጀመር፤ አየር ላይ እያለች ቤቱን ብታውቀው ብዬ።

ጥምቀት ባለፈ በሁለት ሦስት ቀኑ ረመዳን ገባ። ቁርአን የሚያቀሩን ሽማግሌ ሼኽ ያን ሰሞን፣ ጾመኛ ሊያፈጥር ሲል የሚያደርገው ዱዓ፣ ልመናው ማለት ነው፣ አይመለስም ብለው አስተማሩን። ሌሎቹ ልጆች ይጎሻሸሙ ነበር፤ እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ። እጄን አውጥቼ የትንሽ ልጅስ አልኳቸው። ሳቅ ብለው፣ የትንሽ ልጅማ ይብሳል እንጂ አሉኝ። ቤት እስክደርስ ሮጥኩ።

እቴቴን ልጹም አልኳት። "አንቺ ልጅ ግዴታ የለብሽም፤ እስከ ቀትር ጹሚ" አለችኝ። እስከ ቀትር ብቻ ከሆነ ጾም አይባልም ብዬ አኮረፍኩ። ዛሬ ግማሽ ጹሚ፣ ነገ ግማሽ ጹሚ፣ ሁለቱን እኔ በመርፌ እሰፋልሻለሁ አለችኝ። እቴቴ መቀለዷ ብርቅ ስለሆነ በቁም ነገር ወሰድኩትና በየትኛው ክር ብዬ ጠየቅኳት። በሱቁ ውስጥ የነበሩ ሴትዮ ሳቁብኝ። እኔን ያናደደኝ ግን ሳቁ አይደለም። ቀትር ላይ ሰው አያፈጥርም፣ አዛን የለም፣ ዱዓም የለም፤ ግማሽ ጾም ለእናቴ አይበቃትም። ይህን ለእቴቴ አልነገርኳትም። ዱዓ ከተወራ ይከሽፋል ብሎ ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ ምናልባት ራሴው ነኝ ያወጣሁት።

ስለ እብጠቷ ልንገራችሁ። በግራ ቅንድቤ ጫፍ፣ ወደ ዓይኔ ጠርዝ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የነበረች የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። አታምም፤ በጣት ስትነካ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ያን ዓመት ግን እያበጠች የዓይኔን ቆብ ትጫን ጀመር። ቦሌ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ በሳምንት አንድ ቀን ረቡዕ እየመጣ የሚቀድ ሐኪም ነበር። አይቶኝ፣ ቀላል ናት፣ ግን ለዓይን ቅርብ ስለሆነች ልጅቷ ንቅንቅ ማለት የለባትም፣ የሚያስተኛ ሽሮፕ ሰጥተን እንሠራታለን አለ። ለእቴቴ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቃት፤ በቀጠሮዋ ቀን ከመኝታ ከተነሳች ጀምሮ ምንም ምግብ እንዳትቀምስ፣ ውኃም ቢሆን እንዳትጠጣ።

እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ምንም እንዳትቀምስ! ውኃም ቢሆን! ከደስታዬ ብዛት ልቤ ሊወጣ ደረሰ። እቴቴ የከለከለችኝን ሐኪሙ ሰጠኝ ማለት እኮ ነው። ረመዳን ውስጥ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳልበላ ሳልጠጣ! ከክሊኒክ ስወጣ ደግሞ አላመመኝም፣ አልራበኝም እያልኩ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እጎትተዋለሁ። ሽሮፕ ያለውን ጆሮዬ አልያዘውም ነበር። ከዚያ በፊት እቴቴ፣ ለኢድ ፊትሽ ይጽዳ ብላኝ ስለነበር ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ፤ ለእናቴ እያዘጋጀችኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለመሆኑ ስንት ቀን ቀራት ብዬ ስጠይቃት ግን "አላህ ነው የሚያውቀው" ትልና ስኳር ልትመዝን ትነሳለች።

ረቡዕ ጠዋት፣ ገና ከብርድ ልብስ ሳልወጣ ዛሬ እጾማለሁ ብዬ በልቤ ነየትኩ። የመጀመሪያዬ ሙሉ ጾም ነው። አረንጓዴ ሹራቤን ለብሼ፣ ከእቴቴ ጋር ውይይት ታክሲ ላይ ተሳፍረን ወረድን። መንገድ ላይ ሴቶች የሽምብራ እሸት በእቅፍ ይሸጡ ነበር፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። እቴቴ የፈራሁ መስሏት "አብሽሪ" አለችኝ። እኔ አልፈራሁም። ኩራት ነበር የሚሰማኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተር መጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ረጅም፣ ጠይም፣ ስትሠራ መዝሙር በአፍንጫዋ የምታንጎራጉር ሴት ነበረች፤ ከወለጋ መምጣቷን ለእቴቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ሚዛን ላይ ስቆም የሱቃችን ስኳር ትዝ አለኝና ሊሸጡኝ ነው እንዴ ብዬ እቴቴን አየኋት። ሲስተር ክብደቴን በወረቀት ጻፈች፣ የሆነ ነገር አባዛች፣ ከዚያ ከጠርሙሱ በመርፌ ቱቦ ለክታ በትንሽ ኩባያ ቀይ ነገር ቀዳችልኝ። ለእቴቴም "እርስዎ ኮሪደር ላይ ይጠብቁ፤ እስክትተኛ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል" አለቻት። እቴቴ ሄደች። በሩ ተዘጋ። ከኔ ጋር የቀረው አልጋ፣ ጋሻ የሚያህል የመብራት አምፖል፣ ኩባያውና ሲስተር ናቸው።

"ጠጪው የኔ ቆንጆ፤ ይጣፍጣል" አለችኝ።

ምግብ አትቀምስም ተብሎ ይህ ምንድን ነው? ሐኪሙ ከእቴቴ ጋር ሲያወራ ሽሮፕ ያለው ያን ጊዜ መጣልኝ። ጾሜ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላውም። እምቢ ብል እቴቴን ትጠራብኛለች፣ እቴቴ ለምን ትለኛለች፣ ለምን የሚለውን ደግሞ መናገር አልችልም። ስለዚህ ኩባያውን ተቀብዬ ሁሉንም አፌ ውስጥ አፈሰስኩት። ጉንጬ እስኪወጠር ያዝኩት። ሲስተር "ጎበዝ" ብላ ወደ ጠረጴዛው ዞር ስትል፣ የሹራቤን እጅጌ ወደ አፌ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ተፋሁት። የጣፋጩ ጠረን አፍንጫዬን ሞላው። ሱፉ ጠጣው። እጅጌዬን ጠቅልዬ በብብቴ ሥር ደበቅኩት።

ከዚያ የመጣልኝን ሐሳብ ሳስታውስ ዛሬም ይገርመኛል። እነሱ የሚፈልጉት እንድተኛ አይደለም? እተኛላቸዋለኋ! ቤታችን ብዙ ጊዜ የተኛሁ መስዬ እቴቴ ስትጸልይ፣ ስታለቅስ፣ ከራሷ ጋር ስታወራ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ሙያ የሚያህለኝ አልነበረም። ዓይኔን ከደንኩ፣ ትንፋሼን አረዘምኩ፣ አፌን ትንሽ ከፈት አደረግኩ። ሲስተር መጥታ እጄን አንስታ ለቀቀችው፤ ተልፈስፍሼ ጣልኩላት። ቶሎ ያዛት አለች። አልጋውን እየገፉ ወሰዱኝ። ሰው ሁሉ ስለኔ በሹክሹክታ ሲያወራ፣ ማንም እንዳልተኛሁ ሳያውቅ፣ በዓለም ላይ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ዓይኔን ገልጬ እቴቴ ብዬ ልጮህ ነበር፤ ግን ጾሜስ?

ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተቀባ። ብርሃኑ በዓይኔ ቆብ ውስጥ አልፎ ቀይ ሆነ። ከዚያ የማደንዘዣው መርፌ ቅንድቤ ውስጥ ገባ።

ዘለልኩ። ራሴን እንዴት እንደወረወርኩት አላውቅም። ሐኪሙ እጁን ወደ ኋላ ሲነጥቅ መርፌው መሬት ላይ ተንቃጨለ። "ይህች ልጅ መቼ ተኛች!" ብሎ ሲስተር ላይ ጮኸ። ዓይኗን ላጠፋው ነበር እኮ አለ። ሲስተር ጎንበስ አለችና እጄን ከብብቴ አወጣችው። እጅጌዬን አየችው፣ አሸተተችው። አረንጓዴው ሹራብ ከክርኔ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አልጋው ላይ ተቀመጠች። "ስሚኝ" አለችኝ፣ "አልቆጣሽም። ግን ምን ያህል እንደዋጥሽ እውነቱን ንገሪኝ። ሳላውቅ ሁለተኛ ብጨምርልሽ መተንፈስ ያቅትሻል።"

"አልዋጥኩም።"

"ትንሽም?"

"ጾመኛ ነኝ" አልኳት። ከዚያ አለቀስኩ።

ሐኪሙ እስክተኛ ሌላ ሰው ሊያይ ወጣ። ሲስተር እውነቴን ይሁን አይሁን እርግጠኛ ስላልሆነች፣ ሾልኮ የገባ ነገር ካለ እናየዋለን ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ቁጭ አለች። ደጋግማ ደረቴን ታያለች፣ የእጄን ትርታ ትይዛለች። እኔ አልተኛሁም፤ እሷም አልሄደችም። ለካ እንዲህ ሰው ሲተነፍስ አይቶ የሚጠብቅ ሰው አለ ብዬ አሰብኩ፤ ከእናቴ ወዲህ ማንም እንዲያ አይቶኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ እቴቴን ጠራቻት።

እቴቴ ነገሩን ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች ብዬ ነበር። ከፊቴ ተንበርክካ ነጠላዋን አስተካከለች። "የታመመ ሰው ጾም የለበትም" አለችኝ። "ጠጪ። ከኢድ በኋላ በሌላ ቀን ቀዷውን ታወጪዋለሽ።"

ቀዷ ማለት ያመለጠን ጾም በሌላ ቀን መተካት ነው፤ እቴቴ በየዓመቱ የምታወጣቸው ቀኖች ስለነበሯት አውቀዋለሁ።

"እንደዛሬው ይቆጠራል?"

"እንደዛሬው ይቆጠራል።"

መጠየቅ የፈለግኩት ሌላ ነበር። ከኢድ በኋላ የሚወጣ ጾም፣ ለኢድ የምትመጣን እናት እንዴት አድርጎ ያመጣታል? ግን ይህን ብጠይቅ ምስጢሬ ይወጣል። ሁለተኛውን ኩባያ ጠጣሁት። መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ሲወርድ መራራ። ጉሮሮዬን ሲያልፍ ታወቀኝ፤ እናቴ ከመንገድ ተመለሰች፣ እዚያው ጅዳ ቀረች አልኩ በልቤ። በዚህኛው ጊዜ ግን እቴቴን ከክፍሉ አላስወጧትም። አምፖሉ ሁለት ሆነ። እግሬ ሩቅ ሄደ። የእቴቴ እጅ ጉንጬ ላይ ነበር፤ ላምባና ሳሙና ይሸታል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ያ ሰዓት ከሕይወቴ ተቀዶ የወጣ ነው፤ ዛሬም ብፈልገው አላገኘውም።

ስነቃ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ቅንድቤ በፋሻ ታስሯል። ሲስተር በር ላይ ለእቴቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያለችውን አይጠይቋት፣ እሷ አታስታውሰውም ስትላት ሰማሁ። ስለ መድኃኒቱ የሚያወሩ መሰለኝ። የእቴቴ ዓይን ቀልቶ ነበር። ከታክሲ ስንወርድ እግሬ ስለተብረከረከ አዘለችኝ። ሰባት ዓመቴ ነው፣ ከባድ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ጾመኛ ናት፤ እስከ ቤት ድረስ አላወረደችኝም።

ከዚያ ወዲያ እቴቴ ተለወጠች። ከሱቁ ብስኩት አምጥታ ትሰጠኛለች፣ ግን ዓይኔን አታየኝም። ማታ ማታ እጄን ይዛ ትቀመጥና ድንገት ትነሳለች። ጾሜን በማፍረሴ ተቀይማኛለች ብዬ ደመደምኩ፤ በሰው ፊት ስለሆነች ቀዷ ታወጪዋለሽ አለች እንጂ ልቧ አዝኗል አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ሁለታችንም በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ለየብቻችን ነበርን።

ኢድ ደረሰ። አዲስ ቀሚስ ተገዛልኝ፤ የቅንድቤ ክር ወጥቶ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆምኩ። ያለፈ ያገደመው ኢድ ሙባረክ ይለኛል፣ ጣፋጭ ይሰጠኛል። አንድ አውሮፕላን ወረደ። ከቦሌ እኛ ቤት እስኪደርሱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስለማላውቅ እስከ ቀትር ጊዜ ሰጠሁት። ሁለተኛው ወረደ። ከቀትር በኋላ አባቴ በመኪናው መጣ፤ ይዟት መጣ ብዬ ሮጬ አቀፍኩትና ጋቢናውን አየሁ። ባዶ ነው። ጠባሳዬን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ "ጎበዝ" አለኝና ገብቶ ተኛ። ስለ እናቴ ማንም ምንም አላነሳም። ማንም ምንም ያላለው ሁሉም ስላወቁብኝ ነው አልኩ፤ ያቺን ኩባያ ባልጠጣት ኖሮ አሁን እዚህ ነበረች።

በሳምንቱ እቴቴን፣ ቀዷዬን ላውጣ አልኳት። ግዴታ የለብሽም አለች። ታወጪዋለሽ ብለሽኛል አልኳት። ብዙ አየችኝና፣ እኔም ቀኖች አሉብኝ፣ አብረን እንጾማለን አለች።

ረመዳን ውስጥ ሰፈሩ ግማሹ ጾመኛ ስለሆነ ረሃቡ የጋራ ነው። ያን ቀን ግን የምጾመው እኔና እቴቴ ብቻ ነበርን። ትምህርት ቤት ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ከግቢው ጀርባ ሄጄ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሁለቱ ተከትለውኝ መጥተው ለምን አትበይም አሉኝ፤ ሆዴን አሞኛል አልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። ግን አልሰበርኩትም። እልኸኛ ነበርኩ፤ ነኝም።

እቴቴ ሱቁን ከወትሮው ቀድማ ዘጋች። ምንጣፉ ላይ በትንሽ ሰሃን ቴምር፣ በሁለት ብርጭቆ ውኃ አቀረበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መስኮቱ ገና ብርሃን ነበረው። አንድ ቴምር አንስቼ ያዝኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጨርሼዋለሁ ማለት ነው። ምስጢሩ አሁን ቢወጣም ምንም አይል ብዬ፣ እማዬ ከዛሬ በኋላ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጅባታል ብዬ ጠየቅኳት።

እቴቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ ሁሉንም ነግረሽኛል" አለችኝ። "መድኃኒቱን ጠጥተሽ እስኪወስድሽ ድረስ። ለምን እንደጾምሽ፣ ምን እንደምትለምኚ፣ ስትጠጪው ምን እንዳልሽ።"

እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም ብዬ ልከራከር ነበር። አላስጨረሰችኝም።

"እናትሽ እንደማትመጣ ረመዳን ሳይገባ አውቅ ነበር መዲና። ለኔ ብቻ ብላ ሌላ ካሴት ልካ ነበር። አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ይዘዋል፣ ሌላ ሁለት ዓመት አስጨምረዋታል። ልነግርሽ ስል አፌ እምቢ አለኝ። ብትጠጪም ባትጠጪም አትመጣም ነበር። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ አፈር ስሆንልሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም።"

ከሩቅ አዛኑ ተሰማ። እቴቴ ውኃዋን አነሳች፣ አየችኝና መልሳ አስቀመጠችው። አፍጥሪ አላለችኝም። እኔ ቴምሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ትልልቅ ሰዎች ጥፋትሽ አይደለም ሲሉ የሚያጽናኑ ይመስላቸዋል። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እኮ ነገሩ በእጄ ነው፤ ነገም ተነገ ወዲያም እጾማለሁ፣ አስተካክለዋለሁ። የኔ ካልሆነ ግን ምን አደርጋለሁ?

"ያንቺ ጥፋት ነው በይኝ እቴቴ" አልኳት። "ነገ ደግሜ እጾማለሁ።"

አላለችኝም። ተነስታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ክፍሉ እየጨለመ ነበር፤ መብራት ያበራ የለም። ቴምሩን ከእጄ ወሰደች፣ ፍሬውን አወጣችለትና መለሰችልኝ። በላሁት። ምንም አልለመንኩም። እስክውጥ ድረስ እሷም ውኃዋን አልቀመሰችም።